ምርምራችንን ከሰቆጣ ብናየው

የዩኒቨርሲቲዎቻችንን የምርምር ርዕሶች ዝርዝር ገልጦ የሚያነብ ሰው በመጀመሪያ የሚያስደንቀው ስፋቱ ነው። በአንድ ገጽ ላይ የቁስ ፊዚክስ፣ የአፈር ኬሚስትሪ፣ የግድብ ደለል፣ የጥንት ሕንፃዎች ጥገና፣ የሕፃናት አመጋገብ፣ የቋንቋ ሰዋስውና የገጠር ብድር ተደርድረው ይገኛሉ። ሁለተኛ የሚያስደንቀው ግን በእነዚህ ርዕሶች መካከል ያለው ዝምታ ነው። በአንድ ወረዳ፣ በአንድ ዓመት፣ አንዱ የሌላውን ስም ሳይሰማ አፈር የሚለካ፣ ጎጆ የሚስልና እናቶችን የሚጠይቅ ተመራማሪ ይኖራል። ሦስቱም ጥናታቸውን ጨርሰው ማዕረጋቸውን ያገኛሉ። ወረዳው ግን ሦስት የተለያዩ መልሶች ተቀብሎ፣ ያውም ከተቀበለ፣ እርስ በርስ የማገናኘቱን ሥራ ለብቻው ይጋፈጣል።

በዚህ ጽሑፍ የምንከራከርበት ሐሳብ ይህ ነው። የምርምር ስፋት ማለት የትምህርት ክፍሎች መብዛት ማለት አይደለም። ስፋት የሚለካው ልዩ ልዩ ዕውቀቶች በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጥያቄ ላይ ተገናኝተው መነጋገር ሲችሉ ነው። ይህን በጽንሰ ሐሳብ ብቻ ከመተንተን ይልቅ አንድ ቦታ መርጠን በዚያው ብንመለከተው ይሻላል። የመረጥነውም ሰቆጣንና የዋግ ኽምራን ደጋና ቆላ ነው።

ዋግ ኽምራ በአማራ ክልል ሰሜን ምሥራቅ የሚገኝ ዞን ሲሆን ርዕሰ ከተማው ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2200 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ ከ420 ሺህ በላይ ነበር። አገሩ የአገው ኽምራ ሕዝብ አገር ነው፤ ከአማርኛ ጎን ለጎን ኽምጣና ይነገርበታል። የዋግሹሞች የረጅም ዘመን ግዛት እንደነበረም ታሪክ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ስሙን የምናውቀው በችግር ነው፤ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት፣ ጦርነቱን ተከትሎ በመጣው ድርቅ። አንድን አገር በችግሩ ብቻ ማወቅ ደግሞ አለማወቅ ነው። ስለዚህ ከድንጋዩ እንጀምር።

ድንጋዩና ቤቱ

የሰሜን ኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ በፈሰሰ ቅልጥ ዓለት የተሠራ ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንዳረጋገጡት አብዛኛው ፍሰት የተከናወነው በ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ በምድር ታሪክ ይህ እንደ ዐይን ጥቅሻ የሚቆጠር ነው። በንብርቦቹ መካከል ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠሩ ለስላሳ ዓለቶች ይገኛሉ። ተከዜና ገባሮቹ ይህን ሁሉ ሰንጥቀው ወርደው ከሥሩ ያሉትን በዕድሜ የሚበልጡ ዓለቶች ገልጠዋል። የሥነ ምድር ተማሪ እዚህ ላይ ማስታወሻውን ይዘጋል። ነገር ግን የአገሩ ሰው ከዚያው ድንጋይ ቤት ሠርቷል፤ ከዚያው ዓለት ቤተ ክርስቲያን ፈልፍሏል። ታዲያ የድንጋዩ ጥናት የት ላይ ያበቃል?

አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው ቤት ቀን ቀዝቀዝ፣ ሌሊት ሞቅ እንደሚል የማያውቅ የደጋ ሰው የለም። ለምን? የፀሐይ ሙቀት በድንጋይ ውስጥ የሚጓዘው እንደ ሞገድ ነው፤ እየተጓዘም ይዳከማል፣ ይዘገያልም። ሙቀት በድንጋይ ውስጥ የሚሠራጭበት መጠን በሰከንድ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው ብለን፣ የቀንና የሌሊቱን የ24 ሰዓት ዑደት ብንወስድ፣ ሞገዱ በየ17 ሴንቲ ሜትሩ ወደ ሲሶው ገደማ ይቀንሳል። በዚህ የተቃለለ ስሌት ግማሽ ሜትር ውፍረት ባለው ግድግዳ ውስጥ የውጪው የሙቀት መዋዠቅ ወደ ውስጥ ሲደርስ 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ይቀራል፤ የሚደርሰውም 11 ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነው። የቀትር ሙቀት እኩለ ሌሊት አካባቢ ገባ ማለት ነው። ይህን የሠሩት ግንበኞች የሙቀት ስርጭት እኩልዮሽን አልጻፉም፤ ውጤቱን ግን በእጃቸው ያውቁት ነበር።

አሁን ጣሪያውን እንመልከት። ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ቆርቆሮ የቀኑን ሙቀት ወዲያው ያስገባል፤ ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ወደ ጠራው ሰማይ ይለቃል። ፊዚክስ ብቻ የተማረ ሰው «ወደ ሣር ክዳን ተመለሱ» ብሎ ይመክር ይሆናል። የሚሰማው ግን አያገኝም። ቆርቆሮ እሳት አይበላውም፣ በየጊዜው መታደስ አያስፈልገውም፣ በጎረቤት ፊትም ክብር ነው። ከዚህም በላይ ውኃ ይሰበስባል። በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 40 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣሪያ ላይ 24 ሺህ ሊትር ውኃ ይወርዳል። ከዚህ 80 በመቶው እንኳ ቢጠራቀም 19 ሺህ ሊትር ይሆናል፤ በቀን በነፍስ ወከፍ 20 ሊትር ለሚጠቀም 5 ሰው ላለበት ቤት ከ6 ወር ያላነሰ ያደርሳል። እንግዲህ የጣሪያው ጥያቄ የሙቀት ጥያቄ ብቻ አይደለም። የውኃ፣ የገንዘብና የክብር ጥያቄም ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ቆርቆሮ ወይስ ሣር?» ሳይሆን «ከቆርቆሮው ሥር ምን ይነጠፍ? ውኃውስ በምን ይጠራቀም?» የሚል ነው። ይህን ለመጠየቅ የሥነ ሕንፃ ባለሙያው፣ የፊዚክስ ተማሪውና የማኅበረሰብ አጥኚው በአንድ ደጃፍ መቀመጥ አለባቸው።

ከሰቆጣ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ያስተምረናል። ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ ሕንፃ መሠረትና ግድግዳ ተብሎ የሚከፈል ነገር የለውም፤ ሕንፃውና ተራራው አንድ አካል ናቸው። ዝናብ ከተራራው ላይ ከወረደ ሕንፃው ይረጥባል፤ የተራራው ደን ከተመነጠረ የሕንፃው ዕድሜ ያጥራል። በደቡብ በኩል ባለው በላሊበላ ይህ ምን ያህል አሳሳቢ እንደሆነ ዓለም ያውቃል። በዚያ አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉበት ቀይ ዓለት ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ውጤት ሲሆን ለመፈልፈል የተመቸ ቢሆንም ውኃ ይመጣል። በ2000 ዓ.ም. ከዝናብ እንዲከላከል ተብሎ ጊዜያዊ የብረት መጠለያ ተተከለ። ከዚያ ወዲህ የመጠለያው ክብደት በራሱ አደጋ እንዳይሆን ካህናቱና ነዋሪዎቹ ስጋታቸውን ደጋግመው አሰምተዋል። ምሕንድስና አንዱን ችግር ለብቻው ነጥሎ ሲፈታ ሌላ ችግር ሊተክል እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

ውኃው ከታች፣ ሰው ከላይ

በኅዳር 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ ያለውና 300 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጭ የተሠራ የቅስት ግድብ ነው። ሲጠናቀቅ በአፍሪካ ካሉት የቅስት ግድቦች ሁሉ ረጅሙ ነበር። ከውኃው ወለል 180 ሜትር ዝቅ ባለ ቦታ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ግፊት የ180 ቶን ክብደት ያህል ነው። ይህን ግፊት ቀጥ ያለ ግድግዳ በክብደቱ ልቋቋም ቢል እጅግ ብዙ ኮንክሪት ይጠይቃል። ቅስቱ ግን ግፊቱን ወደ ግራና ቀኝ መልሶ በገደሉ ዓለት ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ የግድቡ ጥንካሬ በግማሽ የመሐንዲሱ፣ በግማሽ የተራራው ነው።

ከግድቡ ኋላ የተኛው ሐይቅ እስከ ዋግ ኽምራ ቆላ ወረዳዎች ይደርሳል። ሲሞላ ወደ 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። ይህን ያህል ውኃ ባለበት ዞን ሰው ለምን ይጠማል?

መልሱ በከፊል የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ነው። የሐይቁ ወለል ከሰቆጣ ከተማ ከ1000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። 1 ሜትር ኩብ ውኃ 1000 ሜትር ሽቅብ ለማንሣት 9.8 ሚሊዮን ጁል፣ ማለትም ወደ 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል ያስፈልጋል። ይህም የፓምፑና የቧንቧው ብክነት ሳይታሰብ ነው። ያው 1 ሜትር ኩብ ውኃ ከግድቡ አናት እስከ ሥሩ ወርዶ ሊሰጥ የሚችለው ግን ቢበዛ 0.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። በሌላ አነጋገር አንዱን ገንቦ ወደ ደጋው ለማውጣት አምስት ገንቦና ከዚያ በላይ በተርባይኑ ማውረድ ይጠይቃል። ተፈጥሮ በዚህ ሒሳብ ላይ ድርድር አትቀበልም።

ነገር ግን ስሌቱ በዚህ አያበቃም፤ እንዲያውም የሚጀምረው እዚህ ነው። ለመጠጥ ብቻ ከሆነ 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት 20 ሊትር ለሚጠቀሙ 50 ሰዎች የአንድ ቀን ውኃ ያነሣል፤ ይህ ለሰው ሕይወት ሲባል ውድ ነው አይባልም። ለመስኖ ከሆነ ግን ሒሳቡ ፈጽሞ አይሠራም። በአንጻሩ 100 ሜትር ጥልቀት ካለው ጉድጓድ 1 ሜትር ኩብ ለማውጣት ከተከዜው አንድ አሥረኛ ኃይል ይበቃል። በሰሜን ኢትዮጵያ ደግሞ በአማካይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ በቀን ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት የማያንስ የፀሐይ ኃይል ያርፋል። ታዲያ የከርሰ ምድሩ ውኃ የት ነው? የሥነ ምድር ባለሙያው ይጠየቅ። ፓምፑ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? የመካኒካል መሐንዲሱና የሙያ ማሠልጠኛው ይጠየቁ። ከውኃ ኮሚቴው ውስጥ ገንቦ ተሸካሚዋ ሴት ድምፅ አላት ወይ? ይህን ማኅበራዊ ሳይንስ ይመልስ። ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱ ሳይመለስ ቢቀር የሌሎቹ መልስ በሙሉ ዋጋ ያጣል፤ የተበላሸ ፓምፕ በሠራበት ዓመት የተገኘለትን ምስጋና አያስታውስም።

ሕፃኑና ቋንቋው

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስወገድ የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ መጠራቱ በአጋጣሚ አይደለም፤ የረኃብን ትዝታ የያዘች ከተማ የተስፋም ስም እንድትሆን ነው። በሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት በ2000 እ.ኤ.አ. 58 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ 38 በመቶ ወረደ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ቢሆንም ከአምስት ሁለት ያህል ሕፃን በጠና ጉዳት ላይ ነበር ማለት ነው።

ሕፃን የሚቀነጭረው በምግብ እጥረት ብቻ አይደለም። ንጹሕ ውኃ ያላገኘ ሕፃን የበላው ምግብ በተቅማጥ ይሄዳል። ውኃ ፍለጋ ረጅም መንገድ የምትሄድ እናት የማጥቢያና የማብሰያ ጊዜ ታጣለች። ሌላም የማይታሰብ ምክንያት አለ። በሰቆጣ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ባቄላና አተር የሚበስሉበት ፍጥነት በሙቀት መጠን ላይ እጅግ ስለሚመሠረት ጥራጥሬ ማብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ ረዘም ያለ ጊዜ ማለት ብዙ ማገዶ ማለት ነው፤ ብዙ ማገዶ ማለት የተመናመነ ቁጥቋጦና የታጠበ አፈር ማለት ነው። እንግዲህ ስለ ግፊት ማብሰያ ድስት የሚያጠና የፊዚክስ ተማሪ ሳያውቀው ስለ ሕፃናት ቁመትና ስለ አፈር መሸርሸር እያጠና ነው። ብናሳውቀው ግን እንዴት የተሻለ ያጠና ነበር!

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣ አንድ ጉዳይ አለ፤ ቋንቋ። ኽምጣና ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የውጭ ሊቃውንትን ትኩረት ሲስብ ኖሯል፤ ከእነዚህም መካከል ዴቪድ አፕልያርድ በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሰዋስው ጥናት ይጠቀሳል። ዛሬ በዞኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ይሰጥበታል። ሆኖም የቋንቋ ጥናት በብዙ የሳይንስ ፋኩልቲ መምህራን ዘንድ እንደ ቅንጦት ይታያል። እስቲ እናስብ፤ አንድ የአመጋገብ አጥኚ በአማርኛ የተዘጋጀ መጠይቅ ይዞ አፏን በኽምጣና የፈታች እናት ዘንድ ቢሄድ «ሕፃኑ ትናንት ምን በላ?» ለሚለው ጥያቄ የሚያገኘው መልስ ምን ያህል የታመነ ነው? የምግቦቹ፣ የበሽታዎቹና የወቅቶቹ ስሞች በትክክል ካልተተረጎሙ፣ ከዚያ በኋላ የሚሠራው የስታቲስቲክስ ስሌት ምንም ያህል ቢራቀቅ የመጀመሪያውን ስሕተት አያርመውም። በቤተ ሙከራ ቋንቋ ብንናገር፣ መለኪያው አልተስተካከለም ማለት ነው። የቋንቋ አጥኚው እዚህ ላይ የመለኪያ መሣሪያ አስተካካይ ነው።

ፍየሉና የዕጣኑ ዛፍ

ልዩ ልዩ ጥናቶች ባይነጋገሩ ምን እንደሚፈጠር በግልጽ የሚታየው በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሰሃላ ቆላዎች ነው። በእነዚህ አካባቢዎች የዕጣን ዛፍ ይበቅላል። የኢትዮጵያና የውጭ ተመራማሪዎች በጋራ ሠርተው በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሰፊ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከተመለከቷቸው የዚህ ዛፍ መገኛዎች ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት አሮጌ ዛፍ እንጂ ወጣት ዛፍ የለም። ሁኔታው በዚሁ ከቀጠለ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ከምክንያቶቹም መካከል እሳት፣ ከልክ በላይ መድማት፣ ጥንዚዛና የከብት ግጦሽ ተቆጥረዋል። ችግኙ ይበቅላል፤ ሳያድግ ግን ይጋጣል።

በዚያው ቆላ የሚረባው የአበርገሌ ፍየል ደግሞ ድርቅ የሚችል፣ ለቤተሰቡ ወተትና ሥጋ የሚሰጥ፣ በክፉ ቀን ተሸጦ እህል የሚገዛ ሀብት ነው። በሰቆጣ የሚገኘው የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል የሚመለከተው አካባቢም ይኸው ነው። እንግዲህ የደን ተመራማሪው «ፍየሉ ይራቅ» ቢል፣ የእንስሳት ተመራማሪው «ፍየሉ ይብዛ» ቢል፣ የአመጋገብ ተመራማሪው ደግሞ «ሕፃኑ ወተት ያግኝ» ቢል፣ ሦስቱም በየዘርፋቸው ልክ ናቸው። ልክ የሆኑ ሦስት ምክሮች በአንድ አባወራ ላይ ሲወርዱ ግን ሊፈጸሙ አይችሉም። የትኛው መሬት ለስንት ዓመት ይከለል? በዚያ ጊዜ መኖው ከየት ይምጣ? የዕጣኑ ገንዘብስ ለፍየሉ ባለቤት ይደርሰዋል ወይስ ለሌላ ነጋዴ? እነዚህን ጥያቄዎች አንድም የትምህርት ክፍል ብቻውን አይመልስም። የአገሬው ሰው «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰርዶውን የሚያውቅና በሬውን የሚያውቅ ካልተመካከሩ እርሻው አይታረስም።

ከዚህ በፊት ተሠርቶ ታይቷል

ይህ የምንለው አዲስ ፈሊጥ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚገኘው የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ የተቋቋመው በ1957 እና በ1958 እ.ኤ.አ. በተከበረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ለመሬት የማግኔት ወገብ ቅርብ በመሆኗ የመጀመሪያው ጉጉት የማግኔት መስክን መለካት ነበር። የጣቢያው መሪ የነበሩት አባ ፒየር ጉዋን ግን በመሣሪያ ብቻ አልተወሰኑም። ዜና መዋዕሎችንና የተጓዦችን ማስታወሻ እያገላበጡ ባለፉት መቶ ዓመታት የደረሱ የመሬት መንቀጥቀጦችን ለቅመው በ1979 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ አሳተሙ። የብራና ጸሐፊ ለታሪክ ብሎ የመዘገበው ቃል ለፊዚክስ መረጃ ሆነ፤ እንዲህ ያለው መረጃም መሐንዲሱ የሕንፃን ጥንካሬ ሲያሰላ የሚመለከተው ካርታ መሠረት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ለዋግ ይቀርባል። በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በአሸንጌ አካባቢና በተከዜ ምንጮች በኩል ሲያልፍ ፎቶግራፍ አንሥቷል። ከ140 ዓመት በኋላ የቤልጂጉ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ እነዚያኑ ቦታዎች ፈልገው፣ በዚያው አቅጣጫ ቆመው እንደገና ፎቶግራፍ አነሡ። ውጤቱ ብዙዎችን አስገረመ። መሬቱ በ1868 እ.ኤ.አ. ጊዜም ራቁቱን ነበር፤ በብዙ ሥፍራ የዛሬው የዛፍ ሽፋንና የአፈር ጥበቃ ከያኔው ይሻላል። «ድሮ ሁሉ ደን ነበር፤ ገበሬው ጨረሰው» የሚለው የተለመደ ወቀሳ በፎቶግራፍ ተፈተነ። ይህን ያገኘው የአፈር ሳይንስ ብቻ አይደለም፣ የታሪክ መዝገብ ቤትም ነው። ለገበሬው ደግሞ ልፋቱ ከንቱ እንዳልሆነ የሚመሰክር ማስረጃ ነው።

ጥልቀትስ?

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን። «ሁሉን የነካካ አንዱንም አያውቅም፤ ተማሪው መጀመሪያ የራሱን ትምህርት ጠንቅቆ ይወቅ» የሚል ነው። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ እኛም ጥልቀት ይቅር አላልንም። የሙቀት ሞገዱን እኩልዮሽ መፍታት የማይችል ተማሪ ስለ ድንጋይ ቤት የሚናገረው ወግ ብቻ ይሆናል። ነገር ግን ጥልቀትና ስፋት ጠላቶች አይደሉም። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የማሽላ ዘር ማሻሻል ጥልቅ ባለሙያ ናቸው። ማሽላን የሚያጠፋውን አቀንጭራ ያሸነፉት ግን ዘር በማዳቀል ብቻ አይደለም። የአቀንጭራ ዘር የሚነቃው ከማሽላው ሥር በሚወጣ ኬሚካል መሆኑን ተከትለው፣ ያን ኬሚካል በጥቂቱ የሚያወጡ ዘሮችን መረጡ፤ ከማዳበሪያና ከእርጥበት ማቆያ ዘዴ ጋር አቀናጅተው ለገበሬው አደረሱ። ጥልቀቱ ባይኖር ግኝቱ አይኖርም ነበር፤ ስፋቱ ባይኖር ግኝቱ ከመጽሔት ገጽ አይወጣም ነበር።

እንቅፋቱ ያለው በተማሪው ችሎታ ላይ ሳይሆን በአሠራራችን ላይ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ሥራ ላይ የዋለው 70 በመቶ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶ ለማኅበራዊ ሳይንስ የሚል የቅበላ ድልድል ሁለቱን እንደ ተፎካካሪዎች አስቆጠራቸው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 መማር ማስተማርን፣ ምርምርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን የዩኒቨርሲቲ ተልእኮ አድርጎ ያስቀምጣል። በተግባር ግን መምህር ማዕረግ የሚያገኘው ባሳተመው ጽሑፍ ብዛት ነው። ጽሑፉም ጠበብ ያለ በሆነ መጠን በቶሎ ይታተማል። ውጭ አገር ተምረን የተመለስን ብዙዎቻችንም ይዘን የመጣነው የተማርንበትን አገር ጥያቄ ነው፤ መሣሪያው ስለሌለን ግማሹን እንሠራለን፣ የራሳችን አገር ጥያቄ ግን ደጃችን ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ጥያቄን ከቦታ ይጀምሩ። እንደ ዋግ ኽምራ ያለ አንድ አካባቢ ተመርጦ ልዩ ልዩ የትምህርት ክፍሎች በአንድ የምልከታ ሥፍራ ቢያንስ ለ10 ዓመት ይሥሩ፤ የአንዱ መረጃ ለሌላው ክፍት ይሁን። ሁለተኛ፣ ውጤቱን በአማርኛና በኽምጣና ጽፎ ለወረዳው፣ ለትምህርት ቤቱና ለገበሬው የመለሰ ተመራማሪ ይህ ሥራው ለማዕረግ ይቆጠርለት፤ ያልተመለሰ ዕውቀት የተወሰደ ዕውቀት ነውና። ሦስተኛ፣ የመመረቂያ ጥናት ከሁለት የተለያዩ ክፍሎች በተውጣጡ ተማሪዎች በጋራ እንዲሠራ ይፈቀድ። ይህ የመጨረሻው ትልቅ በጀት አይጠይቅም፤ የሁለት ክፍል ኃላፊዎችን ፊርማ ብቻ ይጠይቃል።

በመጨረሻም ቃላችን ለእናንተ ለተማሪዎች ነው። የመመረቂያ ጥናት ርዕስ የምትመርጡበት ቀን ሲመጣ አማካሪያችሁ ከሚሰጣችሁ ዝርዝር ጎን የራሳችሁን አንድ ጥያቄ ጻፉ። ጥያቄው ስፍራ ይኑረው፤ የመንደር ስም፣ የከፍታ መጠን፣ የሰው ኑሮ ይኑረው። ከዚያም «ይህን ለመመለስ ከእኔ ክፍል ውጪ ማን ያስፈልገኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንም አያስፈልገኝም ካላችሁ ጥያቄውን እንደገና ተመልከቱት። ያስፈልገኛል ካላችሁ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደዚያ ሰው ቢሮ ሂዱና በሩን አንኳኩ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም እስከዚያ ቀን አትጠብቁ። የትምህርት ቤታችሁ ግድግዳ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ጣሪያው በክረምት ስንት ሊትር ውኃ ያፈሳል? ሜትርና የዝናብ መለኪያ ቆርቆሮ ይበቃችኋል፤ በአንድ ክረምት መልሱን ታገኙታላችሁ።